የመጠባበቂያው ዓመት

«ጭማሪው ጸደቀ!» እያለ ባለቤቴ ከፈረቃው የገባው በጥቅምት ወር ነው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆመ። በሌላ ቀን ቢሆን መዓት አወርድበት ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ተውኩት። ባለቤቴ የእሳት አደጋ መኪና ሾፌር ነበር፤ እኔ ደግሞ እህል በረንዳ አጠገብ ባዶ ጆንያና የማዳበሪያ ከረጢት እሸጣለሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደመወዝ ሊጨመር ነው ሲባል የሰማነው ስንቴ ነው! ወሬው በየዓመቱ ይመጣል፣ ሁሉም ይጓጓል፣ ከዚያ «እየተጠና ነው» ይባልና ይረሳል። ይኼኛው ግን ተጠንቶ ያለቀ፣ ተፈርሞ የወጣ ነው አለኝ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚከፈላችሁ?» አልኩት። እኔ እንዲህ ነኝ። ሰው ደስ ሲለው እንቅፋቱን የምፈልግ ሴት ነኝ፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች።

ተቀምጦ የጫማውን ክር እየፈታ አስረዳኝ። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ አንድ ቀን ነው። የዘንድሮው በጀት ተከፋፍሎ ያለቀው ጭማሪው ሳይጸድቅ በፊት ስለሆነ ለእነሱ ተብሎ የተያዘ ብር የለም። ግን መጠባበቂያ የሚባል አለ፤ ጭማሪው ከእሱ ይከፈላል።

«መጠባበቂያ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለድንገተኛ ነገር የሚቀመጥ ነዋ። ያልታሰበ ነገር ሲመጣ የሚወጣ። ጎርፍ በይው፣ በሽታ በይው፣ እሳት በይው።»

«እሳት?»

«አዎ፣ እሳት።»

ተያይተን ሳቅን። እሱ ሳቁን ቀጠለ፤ እኔ መሃል ላይ አቆምኩ። ለካ እሳት የሚያጠፉት ሰዎች ጭማሪና እሳት ያወደማቸው ሰዎች መቋቋሚያ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። እኔም ለሕመምና ለለቅሶ ብዬ ነጠላዬ ጫፍ ላይ የምቋጥራት ብር አለች። አንዴ ከወጣች ወጣች ነው፤ ለሁለት ጣጣ አትበቃም። የመንግሥት ቋጠሮ ተለቅ ይበል እንጂ ያው ቋጠሮ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ስለዚህ አሁን አይከፈልም» አልኩት።

«በሰኔ ነው። በጋው በደህና ካለፈ፣ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል መጠባበቂያው ይከፈትና የዓመቱ ተጠራቅሞ ይሰጠናል ተብሏል።»

«ካላለፈስ?»

«አንቺ ደግሞ ሟርተኛ ነሽ» አለኝና ውሃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ገባ።

ሟርተኛ ብሎኝ ነገሩን ቢዘጋውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እንቅልፍ የለኝም። ምክንያቱም ጭማሪው ለእኔ ከብርነቱ ይልቅ ባሌን ቤቱ የሚያቆይልኝ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቄ ጎን ፔርሙስና ብርጭቆ በጅምላ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። በልጅነታቸው ከገጠር መጥተው፣ አውቶቡስ ተራ ሻንጣ ተሸክመው፣ ከዚያ መርካቶ መንገድ ዳር ዘርግተው፣ ቀስ በቀስ ሱቅ የያዙ ሰው ናቸው። አሁን ጅቡቲ የሚመላለስ ተሳቢ መኪናም አላቸው። ሾፌራቸው ጥሏቸው ከሄደ ወዲህ ዓይናቸው ባለቤቴ ላይ ነው። ከፈረቃ ወጥቶ ሱቅ ሊያግዘኝ በመጣ ቁጥር ወንበር ይስቡለታል።

«አንተ ልጅ፣ እስከ መቼ ነው በመንግሥት ደመወዝ እሳት ውስጥ የምትማገደው? ና፣ የእኔን መኪና ያዝና ሰው ሁን» ይሉታል።

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ልየው» ይላቸዋል እሱም እየሳቀ።

ቤት ሲገባ ግን አይስቅም። ልጆቻችን አድገዋል፤ የቤት ኪራዩ በየጊዜው ይጨምራል፤ የእኔ ጆንያ አንድ ሳምንት ይሸጣል፣ አንድ ሳምንት ዝንብ ያርፍበታል። እናም በዚያው በጥቅምት ቁርጡን ነገረኝ። ጭማሪው እስከ ሰኔ ከመጣ ሥራውን አይለቅም፤ ካልመጣ የጋሼን መኪና ይዞ ጅቡቲ ይሄዳል። አልተጣላንም። ምን ብዬ ልጣላው? የተናገረው ሁሉ እውነት ነው።

እኔ ግን የጅቡቲ ሾፌር ሚስት ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። ታላቅ እህቴ አንዷ ናት። ልጆቿን ያሳደገችው ለብቻዋ ነው። ባሏ ሲመጣ ልክ እንደ እንግዳ ጥሩው ብርድ ልብስ ከሳጥን ይወጣለታል፤ ትንሹ ልጅ መጋረጃ ኋላ ይደበቃል፤ ሊለምደው ሲል አባትየው ሻንጣውን ያነሳል። እህቴ ድሮ በሳቋ የምትታወቅ ሴት ነበረች። አሁን ስታወራ እንኳ አንድ ጆሮዋ በር ላይ ነው።

«እሳቱስ አያስፈራሽም?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እንዴት አያስፈራኝም! ግን የእሳቱን ፍርሃት ለምጄዋለሁ። ባሌ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሲጨንቀኝ ወደ አውቶቡስ ተራ ጉዳይ ያለኝ መስዬ በጣቢያው በር በኩል አልፋለሁ፤ ቀዩ መኪና ቦታው ላይ ቆሞ ካየሁ ልቤ ይመለሳል፤ ከሌለም እስኪመጣ እዚያው ሻይ ቤት እቀመጣለሁ። ጥበቃው እንኳ ስለለመደኝ ከሩቅ ሲያየኝ «አለ፣ አለ» እያለ በእጁ ምልክት ይሰጠኝ ነበር። ባለቤቴ በዚህ ዛሬም ያሾፍብኛል።

በጋው ገባ። ኅዳርም ታኅሣሥም አለፉ፤ ነፋሱ መጣ። ድሮ ሬዲዮ ስለ እሳት ሲያወራ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ የተጎዳ ሠራተኛ አለ ወይስ የለም። በዚያ ዓመት ግን ሌላ ጆሮ አበቀልኩ። የት ተቃጠለ? ቤት ነው ፋብሪካ? ምን ያህል ወደመ? እያንዳንዱ ጭስ ከዚያች ቋጠሮ ላይ ቆንጥሮ የሚሄድ ሆነብኝ። ከተማው ማዶ ላይ መጋዘን ተቃጠለ ሲባል ማዕድ ቤቴ ውስጥ ሆኜ እንደ ገንዘብ ሚኒስትር እጨነቅ ጀመር።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከሰል መስሎ ገባ። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ፎጣ እያቀበልኩት «ብዙ ነው?» አልኩት።

«የሞተ የለም፣ ተመስገን» አለኝ።

እኔ የጠየቅኩት ስለ ንብረቱ ነበር። እሱ እንደዚያ መልሶልኝ ፊቱን ሲታጠብ ጀርባው ላይ ቆሜ በራሴ አፈርኩ። ሰው ሞተ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። እንዲህ ነው ጭንቀት የሚሠራው፤ ከሰውነት ያወጣል።

ጥር በደህና አለፈ፤ የካቲትም። መጋቢት ላይ ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ እኔ ከገበሬ በላይ ተደሰትኩ። ራጉኤል በኩል ባለፍኩ ቁጥር ቆም እልና «እስከ ሰኔ ብቻ» እላለሁ። «ለዘላለም» ብዬ ብጠይቅ ድፍረት ስለመሰለኝ ነው። ጎረቤቴ የፍራሽ ነጋዴዋ «ምን ሆነሻል ዘንድሮ፣ ከሳሽ እኮ» ብላ ስትቆጣኝ ጨጓራዬን እያልኩ አለፍኳት። እሷ ባሏ ሞቶባት ሱቁን ብቻዋን የምታስኬድ፣ ከእኔ ጋር በየቀኑ ከአንድ ጀበና የማያንስ ቡና የምትጠጣ፣ ሌላ የማልደብቃት ጓደኛዬ ናት። ስለ መጠባበቂያው ግን ለማንም አልተነፈስኩም። የሚወራ ነገር ይበላሻል ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

እሳቱ የመጣው በሚያዝያ፣ ከምሳ በኋላ፣ በራሳችን የሱቅ መስመር ላይ ነው።

አንዱ ብየዳ ነው አለ፣ አንዱ የመብራት ኮንታክት ነው አለ፤ እስከ ዛሬ ቁርጡን የሚያውቅ የለም። እኔ የማውቀው ሱቄ ውስጥ ጆንያ ስቆጥር «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት መስማቴንና ብቅ ስል ከፍራሽ ነጋዴዋ ሱቅ ጀርባ ጥቁር ጭስ መነሳቱን ነው። ስፖንጅ ሲቃጠል አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጭሱ ይወፍራል፣ ጉሮሮ ይይዛል። እሷ ሰላት ደርሶባት መስጊድ ነበረች። ስትመለስ በሩ ላይ መድረስ አልቻለችም።

መርካቶ ውስጥ እሳት ሲነሳ ነጋዴ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃውን አውጥቶ መንገዱ መሃል ይከምራል። ራቅ አድርጎ አይወስደውም፤ ሌባ አለ። ዓይኑ እያየው፣ እጁ እየነካው መሆን አለበት። እናም ሁሉም ዕቃውን ከእሳቱ ያወጣና የውሃውን መኪና መንገድ ይዘጋዋል። ባለቤቴ ይኼን ስንት ጊዜ እራት ላይ ነግሮኛል! «እሳቱን እናጠፋዋለን፤ ያቃተን ካርቶኑ ነው» ይል ነበር። እኔም ለመስመሩ ሰው ሁሉ እነግር ነበር። «ሰማን ኢንስፔክተር» እያሉ ይቀልዱብኛል።

የዚያን ዕለት የእኔም እጅ መጀመሪያ የያዘው ጆንያ ነው። ታስሮ የተቀመጠውን ጎትቼ በሩ ላይ ስደርስ የባሌ ድምፅ ትዝ አለኝ። ወደ ውስጥ መልሼ ወረወርኩትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ጋሼ ግን ተሸካሚዎቻቸውን አሰልፈው የፔርሙሱን ካርቶን መንገዱ ላይ እያስደረደሩ ነበር። ከወዲህ ግድግዳ እስከ ወዲያ ግድግዳ ደርሷል።

«ጋሼ! መኪናው በየት ይግባ?» አልኳቸው።

«እኔስ በየት ልግባ?» አሉኝ ዞር ሳይሉ።

ሳይረኑ ተሰማ። ቀዩ መኪና መታጠፊያው ላይ ብቅ ሲል መሪው ላይ ያለው ባለቤቴ ነው። ክላክስ አደረገ። ተሸካሚዎቹ ተበተኑ። ጋሼ ካርቶኑ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ኮታቸው እስከ ጉልበታቸው፣ ቆባቸው ወደ ኋላ ሸርተት ብላለች። መኪናው እየተጠጋ መጣ፤ እሳቸው አልተነቃነቁም። ከመስታወቱ ኋላ የባሌን ፊት አየሁት። አመድ መስሏል። እኔን አላየኝም፤ የሚያየው ሽማግሌውን ነው።

ስንት ዓመት ስንጎራበት «እርስዎ» ከማለት በቀር ቀና ብዬ አይቻቸው የማላውቅ ሰው ናቸው። ኮታቸውን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩና በሙሉ ኃይሌ ጎተትኳቸው። ሁለታችንም ተያይዘን የሱቄ ደጃፍ ላይ ወደቅን። መኪናው አለፈ። የፔርሙስ ሆድ ሲፈነዳ እንደ ጥይት ነው የሚጮኸው፤ ካርቶን በካርቶን፣ እስከ መጨረሻው። ጋሼ ክንዴን ይዘው «ወይኔ፣ ወይኔ» ሲሉ ይሰማኛል። ያ ሁሉ ሲሆን መኪናው ከወዲህም ከወዲያም እጅ በማያሾልክ ቦታ ገብቶ እሳቱ ፊት ቆመ።

አራት ሱቅ ተቃጠለ፤ የፍራሽ፣ የቦርሳ፣ የጨርቅና የጫማ። የቀረነው ተረፍን።

እሳቱ ጠፍቶ ሰዉ ሲረጋጋ ጋሼ የተሰባበረው ብርጭቆ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር ጎንበስ ብዬ «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉን» አልኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ግድግዳ አልነካም» አሉ በመጨረሻ።

«ምን አሉኝ?»

«ባልሽ። ያንን የሚያህል መኪና ይዞ ሲገባ የአንድ ሰው ግድግዳ አልነካም። አየሽ፣ እኔ የምፈልገው ይኼን ሰው ነው።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ነገር ሲኖረው አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። አለቃቸው ሰብስቦ ነግሯቸዋል፤ የመርካቶ ተጎጂዎች ድጋፍ የሚወጣው ከዚያው ከመጠባበቂያው ነው። ተጎጂዎቹ የሚያስመዘግቡት ጥቂት ከሆነ ጭማሪው በሰኔ ይከፈላል። ብዙ ከሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ ያም ጊዜ ቢሆን ቃል የሚገባ የለም።

«የእናንተ መስመር ሰዎች የሚሉት ነው የሚወስነው» አለኝ። ከዚያ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ ጨመረበት።

ስብሰባው ወረዳው አዳራሽ ውስጥ ተጠራ። የመስመሩ ሰው ሁሉ ሄደ። የፍራሽ ነጋዴዋ «አብረሽኝ ሁኚ፣ ብቻዬን አልችልም» ስላለችኝ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሻሿ ታጥቦ እንኳ ጭስ ጭስ ይሸታል። መድረኩ ላይ ያለው ትሑት ወጣት ነበር። አዘነልን፣ ሐዘኑም የምሩን ይመስላል። እያንዳንዱ ተጎጂ የጠፋበትን እንዲያስመዘግብ፣ ድጋፉም በተመዘገበው ልክ እንደሚታሰብ ነገረን። ከዚያ ጎኑ ወደተቀመጠው ባለ መነጽር ሰው እያመለከተ «ለማመሳከር እንዲረዳን ከግብር ክፍልም ባለሙያ አብረውን አሉ» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጉሮሮውን የሚጠርግ እንኳ ጠፋ።

መርካቶን የማያውቅ ሰው ይኼ ጸጥታ አይገባውም። የመርካቶ ነጋዴ ያለውን አይናገርም። ገበያው እየተራኮተ «እንዴት ነው ሥራ?» ብትሉት «ኧረ ሞቷል» ነው የሚላችሁ። ፊት ለፊት የሚታየው ትንሽ ነው፤ ሌላው ቆጥ ላይ ነው፣ ከኋላ ክፍል ነው፣ ዘመድ ቤት ነው። አንድም ዓይን ይፈራል፣ ሁለትም ግብር። ዕድሜውን ሙሉ ትንሽ ነው ያለኝ ሲል የኖረ ሰው አሁን ቆሞ ብዙ ነበረኝ ማለት አለበት፤ ያውም ግብር አስከፋዩ ፊት።

መጀመሪያ የተነሳው የቦርሳ ነጋዴው ነው። ቆጡ ከክብደት ብዛት ጎብጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። «ጥቂት ቦርሳ ነበረችኝ» አለና ተቀመጠ። የጨርቁም «ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ትንሽ» አለ። የጫማውም እንዲሁ። ወጣቱ ሲጽፍ እጁ አይደክምም፤ የሚጻፍ ነገር የለማ።

የተሰማኝን ልናገር። ደስ አለኝ። ከወንበሬ ላይ ልቤ ከፍ ከፍ አለ። «ጥቂት» ባሉ ቁጥር ባሌ ወደ ቤት አንድ እርምጃ የሚቀርብ መሰለኝ። ማንንም አላታለልኩም፣ ማንንም አልከለከልኩም፤ እነሱ ራሳቸው በገዛ አፋቸው ነው የሚያሳንሱት። የቀረችው የፍራሽ ነጋዴዋ ናት፤ ትልቁ የተቃጠለውም የሷ ነው። ትንሽ ብላ ከተቀመጠች ነገሩ አለቀ።

እሷ ግን አልተነሳችም። ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ምን ልበል?» አለችኝ። «አንቺ ባልሽ የመንግሥት ሰው ነው፣ ታውቂያለሽ። ሁሉንም ብናገር ግብሩን ይከምሩብኛል? ወላሂ ግራ ገባኝ። እንደነሱ ትንሽ ልበልና ልቀመጥ?»

ምነው ሌላ ሰው በጠየቀች! አዳራሽ ሙሉ ሰው እያለ ይኼ ጥያቄ እኔ ጆሮ ላይ ምን አመጣው? «አዎ፣ ትንሽ በይ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምክሩ ደግሞ ውሸት አይመስልም፤ ሁሉም ያደረገው ነው። ዝም ብልም ይበቃ ነበር። ትከሻዬን ብነቀንቅ ተነስታ ትንሽ ትል ነበር። እጇን አየሁት። የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታዋለች፣ እየጠቀለለች ትፈታዋለች። ልጆቿ ትምህርት ቤት ያሉት በዚያ ፍራሽ ነው። እንደገና የምትነሳውም፣ ከተነሳች፣ በዚህች ቃል ነው።

ተናደድኩ። በሷም አይደለም፣ በማንም አይደለም። ግን ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

«ምን እኔን ትጠይቂኛለሽ!» አልኳት። «የነበረሽን ተናገሪ! ሁሉንም ተናገሪ!»

ሰዉ ዞሮ አየን። እሷ ደንግጣ ብድግ አለች። መጀመሪያ በቀስታ ጀመረች፤ ከዚያ ድምጿ እየጠራ ሄደ። ፊት ለፊት የነበረውን ተናገረች፣ ቆጡ ላይ የነበረውን ተናገረች፣ ከኋላ ክፍል እስከ ጣራ የታጨቀውን ስፖንጅ ተናገረች፣ ትራሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን። ባለ መነጽሩ ሰው ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። «አዎ፣ ይኼ ሁሉ ነበረኝ» አለችው። «አሁን የለኝም።»

ከዚያ የቦርሳ ነጋዴው እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ እኔ የረሳሁት ነበር» አለ። የጨርቁም የረሳው ነበር። የጫማውም በጣም ብዙ የረሳው ነገር ነበር። ሱቃቸው ያልተነካ ጋሼ እንኳ ተነስተው «የእኔን ደግሞ እሳት አልነካውም፣ መኪና ነው የበላው፤ የት ይጻፍልኛል?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅኩ። ዓይኔ እያነባ ነው የሳቅኩት፤ ሰዎቹ ለጓደኛዬ ያለቀስኩ መሰላቸው። ወጣቱ ወረቀት ጨርሶ ሌላ አስመጣ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የሥራ ልብሱን ገመድ ላይ እያሰጣ ነበር። የሆነውን ነገርኩት። ጠየቀችኝ፣ እኔም እንዲህ አልኳት አልኩት። ልብሱን ይዞ ቆመ።

«ዝም ማለት አቃተሽ?» አለኝ።

«አቃተኝ።»

ተቆጥቷል። ሲቆጣ አይጮህም፤ ነገሮችን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። መቆንጠጫውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ ባልዲውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ «የኋላው ክፍልም ስፖንጅ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እስከ ጣራው።»

«ለዚህ ነው ለካ ያን ያህል ውሃ የጠጣው» አለና ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ደግሞ ምን ነክቶት ነው አይጠፋም እያልን ነበር።» ስለ ጭማሪው ከዚያ በኋላ አላነሳንም።

ሰኔ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ማስታወቂያው ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ፤ ጭማሪው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላልፏል፣ በትዕግሥት ጠብቁ። ባለቤቴ የሠራተኞቹን ፊት አይቶ፣ ሻይ ጋብዟቸው፣ መልቀቂያውን አስገባ። ስንት ዓመት የነዳውን መኪና ቁልፍ ሲያስረክብ አብሬው አልነበርኩም። ጥበቃው ነው የነገረኝ፤ መኪናውን አጥቦ ነው ያስረከበው አለኝ። ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ስለ ፔርሙሱ አንዲት ቃል ሳያነሱ ተሳቢውን ሰጡት። ሐምሌ ላይ፣ ማለዳ፣ ልጆቹ ሳይነሱ ወጣ። ጥሩው ብርድ ልብስ ሳጥን ውስጥ እንዳለ አየሁትና አውጥቼ የራሴ አልጋ ላይ አነጠፍኩት። እንግዳ አላደርገውም ብዬ ነው።

ድጋፉ ክረምቱ ሳይወጣ ተሰጠ። ያጡትን ያህል ባይሆንም ለመነሳት በቃቸው። የፍራሽ ነጋዴዋ ሱቋን አድሳ የከፈተች ዕለት ከሁሉ በፊት እኔ ጋ መጣች። አዲስ ሻሽ አድርጋለች፣ ቴምር በሳህን ይዛለች።

«ያን ቀን ባትቆጪኝ ኖሮ አፈር በልቼ ነበር» አለችኝ። «ይኼ ሱቅ ያንቺ ነው፣ ወላሂ።» ትንሽ ተጨዋወትን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ባልሽስ? ደህና ነው?» አለችኝ። እኔ ሳልመልስላት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ከዚያ እሳት እንኳን ወጣልሽ። አሁንማ ተገላገልሽ።»

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስደውልለት አይነሳም ነበር።

«ተገላገልኩ» አልኳትና ስልኩን ባንኮኒው ላይ በፊቱ ደፍቼ ቴምሩን በሁለት እጄ ተቀበልኳት።